ጥቁሩ ተአምር፦ የሆሴ ሌአንድሮ አንድራዴ የሕይወት ታሪክ



በመኝታ ክፍልም ሆነ በምግብ ቤት ሰልፍ ላይ የእግር ኳስ ወሬ ሲነሣ ክርክራችን ዘወትር የሚጀምረው ከፔሌ ነው። ከፔሌ በፊት ኳስ የሚባል ነገር ያልነበረ እስኪመስል ድረስ! ፔሌ ግን የተወለደው በ1940 ነው። እሱ ከመወለዱ 16 ዓመት በፊት፣ በፓሪስ ከተማ የአውሮፓን ተመልካች ከመቀመጫው ያስነሣ አንድ ጥቁር ተጫዋች ነበር። ጎል አግቢ አልነበረም። የመሐል ሜዳ ሰው ነበር። ስሙ ሆሴ ሌአንድሮ አንድራዴ፣ አገሩ ኡራጓይ ነው። እኛም የዚህን ሰው ታሪክ ለሠልጣኞችና ለመምህራኖቻችን ለማቅረብ የፈለግነው ኳስ ስለምንወድ ብቻ አይደለም። ነገ ከነገ ወዲያ ክፍል ገብተን ከምናስተምራቸው ልጆች ጋር የሚያገናኘው ቁም ነገር ስላለው ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ልጅነቱ

አንድራዴ የተወለደው በ1901 በሳልቶ ከተማ ነው። ሳልቶ በኡራጓይ ሰሜን ምዕራብ፣ በኡራጓይ ወንዝ ዳር ትገኛለች። ኡራጓይ በሁለት ትላልቅ አገሮች፣ በብራዚልና በአርጀንቲና መካከል የተሰነቀረች ትንሽ አገር ስትሆን በዚያን ዘመን ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን አይሞላም ነበር። ከዚህ ሕዝብ መካከል ጥቂቱ ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው ከተወሰዱ ሰዎች የተወለደ ነው። በኡራጓይ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1842 ሲሆን በጎረቤቷ በብራዚል ግን እስከ 1888 ድረስ ቆይቷል። እንግዲህ አንድራዴ ሲወለድ በብራዚል ባርነት ከቀረ ገና 13 ዓመቱ ነበር ማለት ነው። አባቱም ከብራዚል ያመለጡ ባሪያ ነበሩ እየተባለ ይወራል።

ገና ልጅ ሳለ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሞንቴቪዴዎ መጥቶ ፓሌርሞ በተባለው ሰፈር ከአክስቱ ጋር ይኖር ጀመር። ፓሌርሞ የድሃ ሰፈር ነው፤ ጥቁሮች በብዛት ይኖሩበታል። ይህ ሰፈር ካንዶምቤ በሚባለው የከበሮ ጨዋታ የታወቀ ነው። ካንዶምቤ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ከበሮ እየተቀባበሉ የሚመቱት ሲሆን ባሮች ከአፍሪካ ይዘውት የሄዱት ቅርስ ነው። በ2009 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በሰው ልጅ ቅርስነት መዝግቦታል።

ታዲያ ልጁ አንድራዴ ምን እየሠራ አደገ? ሊስትሮ ነበር። ጋዜጣም ያዞር ነበር። ዓመቱ ዞሮ የካርኒቫል በዓል ሲደርስ ደግሞ ከበሮ እየመታ ሳንቲም ያገኛል። ቀሪው ጊዜ የኳስ ነው። እኛም በየከተማችን የምናያቸውን፣ የሊስትሮ ሳጥናቸውን ጎል አድርገው የጨርቅ ኳስ የሚያባርሩትን ልጆች ማሰብ ነው። አንድራዴ ከእነሱ አንዱ ነበር።

የ1916ቱ አቤቱታ

ወደ ፊት ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር መነገር አለበት። በ1916 የመጀመሪያው የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮና በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ ተካሄደ። ኡራጓይ ቺሊን 4 ለ 0 አሸነፈች። ከኡራጓይ ተሰላፊዎች መካከል ሁለቱ፣ አጥቂው ኢሳቤሊኖ ግራዲንና የመሐል ሜዳው ሁዋን ዴልጋዶ፣ ጥቁሮች ነበሩ። ከአራቱ ጎሎች ሁለቱን ያገባው ግራዲን ነው። የቺሊ ሰዎች ግን ሽንፈቱን በጸጋ ከመቀበል ይልቅ ኡራጓይ ሁለት አፍሪካውያንን አሰልፋለችና ውጤቱ ይሰረዝልን ብለው አቤቱታ አቀረቡ። እንዴት ነው ነገሩ? ሁለቱም ኡራጓያውያን ናቸው እኮ! አቤቱታው ውድቅ ሆነ፤ ኡራጓይም የሻምፒዮናው አሸናፊ ሆነች።

አንድራዴ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ጥቁር ልጅ ጫማ እየጠረገ፣ ጥቁር ተጫዋች ለአገሩ ጎል በማግባቱ ክስ ሲቀርብበት የሰማ ትውልድ ነበር ማለት ነው። ሆኖም በሌላ በኩል ስናየው ኡራጓይ በዚያን ዘመን ጥቁሮችን በብሔራዊ ቡድኗ በማሰለፍ ከብዙዎች ቀድማ ነበር። ለአንድራዴም በሩን የከፈቱለት እነ ግራዲንና ዴልጋዶ ናቸው።

ከሰፈር ወደ ብሔራዊ ቡድን

አንድራዴ ስሙ መነሣት የጀመረው ቤላ ቪስታ በተባለው የሞንቴቪዴዎ ክለብ ውስጥ ነው። እዚያ አብሮት ይጫወት የነበረው ሆሴ ናሳሲ በኋላ የኡራጓይ ብሔራዊ ቡድን አምበል የሆነው ዝነኛ ተከላካይ ነው። አንድራዴ በ1923 ለብሔራዊ ቡድን ተመረጠ። በዚያው ዓመት በሞንቴቪዴዎ በተደረገው የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮና ኡራጓይ አሸነፈች። በዚህም ድል ወደ 1924ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ የመሄድ ዕድል ተከፈተ።

ለመሆኑ የአንድራዴ የጨዋታ ቦታ የቱ ነበር? በዚያን ዘመን ቡድኖች የሚሰለፉት በዛሬው ዓይነት አልነበረም። ከበረኛው ፊት ሁለት ተከላካዮች፣ ከእነሱ ፊት ሦስት አከፋፋዮች፣ ከዚያ አምስት አጥቂዎች ይቆማሉ። አንድራዴ ከሦስቱ አከፋፋዮች የቀኙ ነበር። የቀኝ አከፋፋይ ሥራ ሁለት ነው። አንደኛ የባላጋራውን የግራ ክንፍ አጥቂ መቆጣጠር፤ ሁለተኛ የነጠቀውን ኳስ ለአጥቂዎቹ አመቻችቶ ማቀበል። ስለዚህ ሲከላከልም ሲያጠቃም እረፍት የለውም። ብዙዎች ይህን ሥራ በጉልበት ይወጡት ነበር። አንድራዴ ግን ረዥምና መለሎ ሆኖ ሳለ ሰው አይጠልፍም፣ አይገፈትርም፤ በረዣዥም እግሮቹ ኳሷን ብቻ ነቅሎ ይወስዳል። ከነጠቀም በኋላ በጭፍኑ ወደ ፊት አይጠልዛትም። ቀና ብሎ ያያል፣ ከዚያ ያቀብላል። የካርኒቫሉ ከበሮ ምት እግሩ ላይ አለ እያሉ ያደንቁት ነበር።

ፓሪስ፣ 1924

የኡራጓይ ቡድን ወደ አውሮፓ የሄደው በድሎት አልነበረም። ለጉዞው የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበረ የፌዴሬሽኑ ኃላፊ አቲሊዮ ናራንሲዮ ቤታቸውን በመያዣ አስይዘው እንደተበደሩ ይነገራል። ተጫዋቾቹ አትላንቲክን የተሻገሩት በመርከቡ ዝቅተኛ ማዕረግ ነው። ፓሪስ ከመድረሳቸው በፊት ስፔን ውስጥ 9 የወዳጅነት ግጥሚያ አድርገው ዘጠኙንም አሸነፉ። ከእነዚህም ግጥሚያዎች የሚገኘው ገንዘብ ለጉዞው መደጎሚያ ሆነ።

በኦሎምፒኩ 22 ቡድኖች ተሰለፉ። አውሮፓውያኑ ኡራጓይ የት እንዳለች እንኳ በቅጡ አያውቁም። በመጀመሪያው ግጥሚያ ላይ የተገኘው ተመልካች ወደ 3 ሺህ ብቻ ነበር። ያ ጥቂት ሰው ያየውን ማመን አቃተው። ኡራጓይ ዩጎዝላቪያን 7 ለ 0 ደመሰሰች። አጭር አጭር ቅብብል፣ ኳስ መሬት ለመሬት፣ ሩጫውም ሁሉ በዘዴ። ቀጥሎ አሜሪካንን 3 ለ 0፣ አስተናጋጇን ፈረንሳይን 5 ለ 1 አሸነፉ። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ሆላንድ ጎል ቀድማ ስታገባ ትንሽ ተጨነቁ፤ በኋላ ግን አቻ ሆነው፣ ከዚያም በፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 1 ወጡ። ሰኔ 9 ቀን በኮሎምብ ስታዲየም በተደረገው ፍጻሜ ስዊዘርላንድን 3 ለ 0 ረቱ። በዚህ ዕለት የተመልካቹ ብዛት ወደ 40 ሺህ ደርሶ ነበር። ከ3 ሺህ ወደ 40 ሺህ፣ ያውም በሁለት ሳምንት ውስጥ!

ተጫዋቾቹ ከድሉ በኋላ ሕዝቡን ለማመስገን ሜዳውን ዞሩ። በደቡብ አሜሪካ እስከ ዛሬ አሸናፊ ቡድን ሜዳ ሲዞር የኦሎምፒክ ዙር የሚሉት ከዚያ ወዲህ ነው።

ከሁሉም በላይ የፓሪስን ዓይን የሳበው ግን አንድራዴ ነው። ብዙው ተመልካች ጥቁር ተጫዋች በዚህ ደረጃ ሲጫወት ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ጋዜጦች ጥቁሩ ተአምር የሚል ስም አወጡለት። የትናንቱ ሊስትሮ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ልብሱ ያማረ፣ በፓሪስ ጎዳና ሰው የሚከተለው ሰው ሆነ። ጥቁር ስለሆነ በ1916 ክስ የቀረበበት ቡድን፣ ከ8 ዓመት በኋላ በጥቁር ተጫዋቹ የዓለም መነጋገሪያ ሆነ።

ሕመምና ድል

አንድራዴ ከኦሎምፒኩ በኋላ የታላቁ የናሲዮናል ክለብ ተጫዋች ሆነ። ናሲዮናል በ1925 ወደ አውሮፓ ተጉዞ ወራት በወሰደ ዙር 38 ግጥሚያ አደረገ፤ 26ቱን አሸነፈ። በዚህ ጉዞ ላይ ነበር አንድራዴ ብራስልስ ውስጥ የታመመው። ሕይወቱን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት ሐኪሞች የቂጥኝ በሽታ አገኙበት። ዛሬ በመርፌ የሚድነው ይህ በሽታ በዚያን ጊዜ አስተማማኝ መድኃኒት አልነበረውም። ፔኒሲሊን የተገኘው በ1928 ሲሆን ለቂጥኝ መታከሚያነት የዋለው ደግሞ በ1943 ነው። የፓሪስ ሆይ ሆይታ ያስከፈለው ዋጋ ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

ቢሆንም አልወደቀም። በ1926 በቺሊ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ በተደረገው የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮና ኡራጓይ ስታሸንፍ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች የተባለው እሱ ነው። በ1928 በአምስተርዳም ኦሎምፒክ ኡራጓይ ሆላንድን 2 ለ 0፣ ጀርመንን 4 ለ 1፣ ጣሊያንን 3 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። ከጣሊያን ጋር በተደረገው ግጥሚያ አንድራዴ ከጎሉ ቋሚ ጋር ተጋጭቶ ዓይኑን እንደተጎዳ ይነገራል። ፍጻሜው ከአርጀንቲና ጋር 1 ለ 1 ስላለቀ በድጋሚ ተጫውተው ኡራጓይ 2 ለ 1 አሸነፈች። ሁለተኛ የኦሎምፒክ ወርቅ!

ቀጥሎ የመጣው የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ነው። ኡራጓይ በ1930 የመጀመሪያ ሕገ መንግሥቷን 100ኛ ዓመት ታከብር ስለነበር ውድድሩን እንድታዘጋጅ ተመረጠች። በሞንቴቪዴዎ ሴንቴናሪዮ የተባለ ትልቅ ስታዲየም አሠራች፤ ትርጉሙም መቶኛ ዓመት ማለት ነው። የእንግዶቹን የጉዞ ወጪ እችላለሁ ብትልም የባሕሩ መንገድ ረዥም ስለሆነ ከአውሮፓ የመጡት አራት ብቻ ናቸው፦ ፈረንሳይ፣ ቤልጂግ፣ ሩማኒያና ዩጎዝላቪያ። በጠቅላላው 13 ቡድኖች ተሰለፉ። ስታዲየሙ ሐምሌ 18 ቀን ሲመረቅ ኡራጓይ ፔሩን 1 ለ 0 አሸነፈች። ሩማኒያን 4 ለ 0፣ ዩጎዝላቪያን በግማሽ ፍጻሜ 6 ለ 1 አሸንፋ፣ ሐምሌ 30 ቀን እንደገና ከአርጀንቲና ጋር ለፍጻሜ ተፋጠጠች።

በየትኛው ኳስ እንጫወት የሚል ጭቅጭቅ ተነሥቶ አንዱን ግማሽ በአንዱ ቡድን ኳስ፣ ሌላውን ግማሽ በሌላው ቡድን ኳስ ተጫወቱ። እስከ እረፍት አርጀንቲና 2 ለ 1 ትመራ ነበር። ከእረፍት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። አንድራዴ በቀኝ፣ ሎሬንሶ ፈርናንዴስ በመሐል፣ አልቫሮ ሄስቲዶ በግራ ሆነው የተሰለፉበት የአከፋፋዮች መስመር መሐል ሜዳውን ያዘ። ሴያ አቻ አደረገ፣ ኢሪያርቴ ጨመረ፣ በመጨረሻም በልጅነቱ አንድ እጁን ያጣው ካስትሮ አራተኛውን አገባ። 4 ለ 2። በማግሥቱ ኡራጓይ ውስጥ ሥራ የለም፤ ብሔራዊ በዓል ተብሎ ታወጀ። አንድራዴ 28 ዓመቱ ነበር። ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅና አንድ የዓለም ዋንጫ በእጁ ገብቷል። ለአገሩ በጠቅላላ 34 ጊዜ ተሰልፎ ያገባው ጎል 1 ብቻ ነው። የአከፋፋይ ሥራ በጎል ብዛት እንደማይለካ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከጭብጨባው በኋላ

አሁን ወደ መራራው ክፍል እንመጣለን።

በኡራጓይ እግር ኳስ በይፋ የደመወዝ ሥራ የሆነው በ1932 ነው። አንድራዴ በጉብዝናው ዘመን ሲጫወት ስታዲየም ይሞላል፣ ትኬት ይሸጣል፣ ለተጫዋች ግን የወር ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ተጫዋቹ ከሜዳ ወጥቶ ወደየሥራው ይመለሳል። ናሳሲ እብነ በረድ ይቀርጽ ነበር፤ ሴያ በረዶ ይሸጥ ነበር ይባላል። ኳስ ሲያልፍ የሚመለሱበት የእጅ ሥራ ነበራቸው። አንድራዴስ? ከኳስና ከከበሮ ሌላ በእጁ ያለው የሊስትሮ ሳጥን ነበር። ደመወዝ ሲመጣ ደግሞ እሱ 30 ዓመት አልፎት፣ ጤናው ተጓድሎ ነበር። ከ1931 ጀምሮ በፔኛሮል ክለብ ተጫወተ፤ ከዚያም ከክለብ ክለብ እየዞረ የተጫዋችነት ዘመኑ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ጨለማ ነው። አንዱ ዓይኑ ጠፋ፤ ምክንያቱ የ1928ቱ ግጭት ነው የሚሉ አሉ፣ ከሕመሙ ጋር የሚያያይዙትም አሉ። መጠጥም ያዘው። በ1956 አንድ ጀርመናዊ ጋዜጠኛ እሱን ፍለጋ ሞንቴቪዴዎን ለቀናት ሲያስስ ከርሞ በመጨረሻ ያገኘው በአንድ ጎስቋላ ምድር ቤት ውስጥ ነው። አንድራዴ በመጠጥ ደክሞ ጥያቄውን እንኳ በቅጡ መረዳት አልቻለም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ ጥቅምት 5 ቀን 1957፣ ፒኜይሮ ዴል ካምፖ በተባለው የድሆች መጦሪያ ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። 55 ዓመቱ ነበር።

ስሙ ግን አልጠፋም። የወንድም ወይም የእህት ልጅ የሚሆነው ቪክቶር ሮድሪጌስ የአጎቱን ክብር ለማስታወስ አንድራዴ የሚለውን ስም ጨምሮ ቪክቶር ሮድሪጌስ አንድራዴ ተባለ። እሱም አከፋፋይ ነበር። በ1950 በብራዚል ማራካና ስታዲየም ኡራጓይ ብራዚልን 2 ለ 1 አሸንፋ የዓለም ዋንጫን ስትወስድ ከተሰላፊዎቹ አንዱ እሱ ነው። ዛሬም የኡራጓይ ማልያ ላይ አራት ኮከብ እናያለን። ሁለቱ የ1930ና የ1950 የዓለም ዋንጫዎች፣ ሁለቱ ደግሞ የፓሪስና የአምስተርዳም ድሎች ናቸው። ከአራቱ ኮከቦች በሦስቱ ላይ የታላቁ አንድራዴ ላብ አለበት።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ይህን ታሪክ ሰምቶ ራሱን በመጠጥ አጠፋ እንጂ ማን አጠፋው የሚል ሰው አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ግን ተረስቷል። በጉልበቱ ዘመን ያጨበጨበለት ሕዝብ፣ ትኬት የሸጠው ክለብ፣ በዓል ያወጀው አገር፣ ሁሉም የፈለገው እግሩን ነበር። ስለ ጤናው፣ ስለ ነገ ኑሮው የጠየቀ ያለ አይመስልም። ጭብጨባ እንጀራ አይሆንም። ቆዳው ጠቁሯል ብሎ መናቅ አንድ በደል ነው፤ ተአምር ነህ እያሉ ከፍ ከፍ አድርጎ ሰውነቱን መርሳት ደግሞ ሌላ በደል ነው። አንድራዴ ሁለቱንም ቀምሷል።

እኛ ሠልጣኞች በቅርቡ በየአውራጃው ተበትነን ክፍል እንረከባለን። በየክፍሉ አንድ ኳስ የሚያውቅ ልጅ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይታወቃል። ልጁ ለትምህርት ቤቱ ቡድን ልምምድ ተብሎ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይወጣል፤ ዋንጫ ሲመጣ በሰልፍ ላይ ይጨበጨብለታል፤ ፈተና ሲወድቅ ግን ብቻውን ነው የሚወድቀው። በዓመቱ ደግሞ የት እንደገባ የሚያስታውስ የለም። ይህ እንዳይሆን ማድረግ የእኛ ሥራ ነው ብለን እናምናለን። ኳሱን አንከልክለው፤ ተሰጥኦ ነውና። ነገር ግን ያመለጠውን ትምህርት ሌላ ሰዓት ቀጥረን እናስይዘው። ማንበብና ማስላቱን፣ ከተቻለም አንድ የእጅ ሙያ ይዞ ይውጣ። ስለ ጤናና ስለ አባላዘር በሽታም ሳናፍር በግልጽ እናስተምረው፤ የአንድራዴን ዕድሜ ያሳጠረው አንዱ ነገር እሱ ነበርና።

ሌላም አለ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሊስትሮ ሳጥን ይዞ የሚወጣ ተማሪ በክፍላችን ውስጥ ይኖራል። አርፍዶ ሲመጣና በክፍል ሲያንቀላፋ ሰነፍ ብለን ከመፈረጃችን በፊት ማታ ምን ሲሠራ እንዳመሸ መጠየቅ ይገባናል። የዓለም ዋንጫን ካነሡት የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ተሰላፊዎች አንዱ ጫማ ይጠርግ የነበረ ልጅ ነው። ፓሌርሞ ሰፈር ውስጥ እግሩን ያየለት ሰው ነበር፤ ከእግሩ በላይ ያለውን የሚያይለት ግን አላገኘም።